አንተ ንገራት

ሰኞ

ደግሞ ዝም አለ። ሄድፎኑን አጥልቄ ትዕይንቱን አጫውታለሁ፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው የድምፅ መለኪያ ይዘላል፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን የመቃብር ጸጥታ ነው። ብራውዘሩን ስከፍተው ይዘፍናል። ኤዲት የማደርግበት ፕሮግራም ብቻ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይናገርም።

አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ የጫነልኝ ጓደኛዬ ኪሮስ ነው። "ቫይረስ አይነካውም" ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፤ ድምፅም አልነካውም።

ሥራው የሬዲዮ ድራማ ነው፤ ዓርብ ይፈለጋል። አንድ ትዕይንት ቀርቶኛል፦ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ለአንዲት እናት መርዶ ይዘው ይመጣሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ያስላሉ፣ ከዚያ ማን ይናገር በሚል ደጅ ላይ ይገፋፋሉ። እኔም የምሠራው ጎህ ሲቀድ ነው፤ መብራት የሚረጋው ያን ጊዜ ነዋ።

ማክሰኞ

አከራዬ አደይ ለተብርሃን እንደ ልጃቸው በትግርኛ ሰላም እያሉ ከግቢው ማዶ ጠሩኝ።

"ከመይ ሓዲርካ፣ ወደይ። ትናንት ጧት በሬን ያንኳኳኸው አንተ ነህ?"

"አይደለሁም፣ አደይ።"

"ዛሬም ተንኳኳ። ስከፍት ሰው የለም።"

እንደ ታላቅ ሊቅ ቅንድቤን ሰብስቤ ድመት ሊሆን እንደሚችል አስረዳሁ።

"ድመት ያስላል?" አሉኝ።

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን አይቼ ዋጥኩት። ልጃቸው ፍረወይኒ ዐረብ አገር ናት። አሠሪ ቀየርኩ ካለች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል። የአደይ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ የምትደውለው እኔ ላፕቶፕ ላይ ባለው ቴሌግራም ነው። ግቢው ውስጥ ያለነው ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ አንዳችንም አናነሣውም። ጧት በር ተንኳኩቶ፣ የወንድ ሳል ተሰምቶ፣ ሰው ሲጠፋ አደይ ምን እንደሚያስቡ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ማታ ኪሮስን ደወልኩለት። "ፕሮግራሞቹ ድምፁን እየተሻሙት ነው። ሌላውን ሁሉ ዝጋና ለአንዱ ልቀቅለት" አለኝ። እንደ እድር ስብሰባ ማለት ነው፤ መድረኩን ቀድሞ የያዘ አይወርድም። ብራውዘር፣ ሙዚቃ፣ ቴሌግራም፦ ሁሉንም ያለ ርኅራኄ ዘጋኋቸው።

ረቡዕ

ምንም። መለኪያው ይዘላል፣ እኔ አልሰማም። ትዕይንቱን እየደጋገመ እንዲጫወት አድርጌ አፍጥጬ አየሁት። ይህን ሁሉ ድምፅ ማን ነው የሚበላው?

የአደይ ጥቁር ነጠላ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

"መጥተው ሳይናገሩ ይመለሳሉ" አሉኝ። "ያንሾካሽካሉ፣ ይመለሳሉ። ምን ቢሆን ነው መናገር ያቃታቸው? ነገ ጧት መጥተህ አብረኸኝ ተቀመጥ፣ ወደይ። ብቻዬን እንዳልሰማው።"

ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ያው ትዕይንት እየደጋገመ እንዲጫወት ትቼ (ምናልባት ብቻውን ሲሆን ሳያፍር ይናገር ይሆናል) አደይ ሳሎን ገባሁ። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ተንኳኳ።

ዘልዬ ከፈትኩ። ግቢው ባዶ ነው፤ ገመዱ ላይ ጥቁሩ ነጠላ ብቻ። ያን ጊዜ ሳል ሰማሁ። ከውጭ አይደለም፤ ከኋላዬ፣ ከቤቱ ውስጥ። ቀጥሎ የሽማግሌ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፦

"አንተ ንገራት።"

አደይ እጄን ጨበጡኝ። እኔ ከእሳቸው ይልቅ በረዶ ሆንኩ፤ ድምፁ የራሴ ነበር።

አንድ ተዋናይ ቀርቶብኝ የአንዱን ሽማግሌ ቦታ ጉሮሮዬን አወፍሬ የሠራሁት እኔው ነኝ። አሁን የሚያናግረን ደግሞ በሩ አጠገብ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ዳንቴል ለብሳ የተቀመጠችው የአደይ ስፒከር ናት። ለበዓል ዘፈን ልክፈትላችሁ ብዬ በብሉቱዝ አገናኝቻት ነበር። እኔ ረስቻት፣ ላፕቶፑ አልረሳትም። ሦስት ቀን ሙሉ ሄድፎኔ ውስጥ የፈለግሁት ድምፅ እዚህ ቤት መርዶ ሲያደርስ ሰንብቷል።

ሮጬ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ከዚያ ግቢው መሐል ቆሜ ቀረሁ። ምን ልበላቸው? ሲያረዳዎት የሰነበተው ተከራይዎ ነው? ቀልደኛው ሰውዬ አንድ ቀልድ አልመጣልኝም። የኔ ሽማግሌዎች እንኳ የሚገፉት ሰው ነበራቸው።

ከሰዓት በኋላ ነገርኳቸው። ዳንቴሉን ገልጠው ስፒከሯን ብዙ አዩዋት።

"በድራማው የሞተው ማነው?"

"አንድ አባት ናቸው፣ አደይ። ዕድሜ የጠገቡ።"

"ማልልኝ።"

ማልኩ። ስክሪፕቱ ላይ ልጅ ነበረች። ማታውኑ ቀየርኳት።

"ያን ድምፅ ይዘህ ነው ሚስት ያጣኸው" አሉኝ ስወጣ። ይቅርታ መሆኑን ተስፋ አደርጋለሁ።

ዓርብ

የድምፅ ማስተካከያውን ከፈትኩ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ መስመር አለው፤ ከጎኑ ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ ይመረጣል። ከመጀመሪያው እዚያው ነበር! ኤዲት ማድረጊያውን ወደ ሄድፎኔ መለስኩት፤ ተናገረ። ብራውዘሩም አብሮ ዘፈነ። ማንም ማንንም አልተሻማም። ድል ነው።

ከዚያ ቴሌግራምን ከፈትኩ፤ ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ እንደተዘጋ ነበር።

ፍረወይኒ። ያልተመለሰ ጥሪ። ረቡዕ ጧት።

መርዶ ነጋሪዎቼ የእናቷን በር ሲያንኳኩ፣ እሷ በሕይወት ሆና እኔ በዘጋሁት በር ትደውል ነበር።

መልሼ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። አሁንስ ማንም እስኪገፋኝ አልቆየሁም፤ ሮጬ ነገርኳቸው።

"ረቡዕ?"

"ረቡዕ።"

"ራሷ ናት?"

"በራሷ ስም ነው የተደወለው፣ አደይ።"

ጥቁሩን ነጠላ ከገመዱ አውርደው አጠፉት። ሣጥን ውስጥ ግን አልከተቱትም፤ ወንበር ላይ አስቀመጡት።

ቅዳሜ

ድራማውን አንድ ቀን አሳልፌ አስረከብኩ። ሌላውን ድምፅ ሁሉ ለሄድፎኔ አድርጌ፣ ቴሌግራምን ብቻ ወደ አደይ ስፒከር ላክሁት። ፍረ ከደወለች ቤቱ ይሰማል።

አደይ ሁለቴ መጥተው "ድምፁን ከፍ አድርገኸዋል?" አሉኝ።

"እስከ መጨረሻው።"

"ስትደውል አንተ እንዳታወራ። ያን ሽማግሌ እንዳትሰማው።"

አሁን መሸትሸት ብሏል። ከማዶ የአደይ ድምፅ ይሰማኛል። "ጓለይ" ይላሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቀስ ብለው፣ እየጠየቁ፣ እየቆዩ፣ እንደገና እየጠየቁ ያወራሉ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ስክሪኑን አየሁ።

ጥሪ የለም።

ባትሪውን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ስፒከሯ እንደተገናኘች ናት፤ ድምፅ ሳይወጣት ነው አደይ የሚያናግሯት። እስኪጨርሱ ድረስ እንዳልሰማቸው መስኮቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ።