አንድ በሬ ሁለት ቀን

ሰኞ
የሶላሩን ኃይል ወደ መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ተቃጠለ። የጤና ኬላው የክትባት ፍሪጅ ቆሟል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የእህቴ መንደር ሄጄ ነበር። ሴቶቹ በማኅበር የገዟት ትንሽ ወፍጮ መብራት አጥታ ተቀምጣለች፤ እህሉን ቡሬ ድረስ ይሸከማሉ። የጤና ኬላው ሶላር ይችላት እንደሆን ጠየቁኝ። የፊዚክስ መምህር አይደለሁ! ለተማሪዎቼ የሠራሁትን ሰንጠረዥ ዘረጋሁላቸው፦ ሰው፣ በሬ፣ ወፍጮ፣ ፋብሪካ፣ ከተማ፣ አገር፤ እያንዳንዱ በቀን ስንት ኃይል እንደሚበላ። ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ይተርፋታል አልኩ። በእኔ ቃል ወፍጮዋን ከሶላሩ ጋር አገናኟት።

ማክሰኞ
ሰንጠረዡ ክፍል ውስጥ ተለጥፏል። ቀኑን ሙሉ የሚበላው ብቻ ነው ያለበት። በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚስብ የሚል ዓምድ የለውም። ወፍጮዋ ስትነሳ የምትስበውን ያ ሶላር ከየት ያመጣዋል? ይህን እኮ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አስተማርኩ።

ረቡዕ
እህቴ ደወለች። አገሬ የምትባለው የጤና ኬላው ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወረዳ ተጠርታለች፤ የጤና ኬላውን መብራት ለወፍጮ አሳልፈሽ ሰጠሽ ተብላ። ከሥራዋም ሊያስወጧት ይችላሉ። ክትባቱን ግን ኢንቨርተሩ በተቃጠለበት ዕለት በበረዶ ሳጥን ይዛ፣ በእግሯ ቡሬ አድርሳ አትርፋዋለች። የእኔን ስም አልጠራችም። እፎይ አልኩ፤ እፎይ በማለቴ ደግሞ አፈርኩ። ልደውልላት ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ
ሰንጠረዡን ቀደድኩት። መቅደዴ ለአገሬ ምን ይረባታል?

እሑድ
ወደ እህቴ መንደር ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ እንደተቀመጠ ተነስቼ ስሌቱ የእኔ መሆኑን፣ አገሬም በእኔ ቃል መፍቀዷን ተናገርኩ። ያልገባቸው ነበሩ። የእህቴ ባል አያ ሙሉ አስረዱልኝ፦ "ከጥማዱ አንዱን በሬ ፈትቶ፣ ባንዱ ሁለት ቀን ይታረሳል ብሎን ነው።" ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። ከእኔ ሰንጠረዥ ይልቅ የእሳቸው ልክ ነበር።

አገሬ አልሳቀችም። ያንኑ በወረቀት እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ ነገ ወረዳ ይዛው ትገባለች። ጽፌ ፈረምኩ። ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ያድናት እንደሆን አላውቅም።

ስሜን ለምን እንዳልጠራች ጠየቅኳት።

"ራስዎ ይመጣሉ ብዬ ነዋ" አለችኝ።

ለካ ከረቡዕ ጀምራ መንገድ መንገዱን ስታይ ነበር።