ለሠርግ ተተክሎ ለቅሶ ስለጠራው ድንኳን

ለተከበሩ አያ ቢያዝን
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ ዘንድሮ ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው የጫጉላ ቤት ተቆጣጣሪ
አራዳ፣ ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም በሰው በር ላይ ጆሮ ሲጥሉ የሚደክመው አንገትዎ እንደምን አለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ ስለ እኛ ከሚጨነቁት ጭንቀት በቀር ምንም አልነካንም።

እኔ የሙሽራው የይበልጣል ታናሽ እህት ሶሊያና ነኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝም «ይቺ ምላሳም ሕፃን» የሚሉኝ። ይህን ደብዳቤ በእድሩ የቴሌግራም ቡድን ላይ የለጠፍሁት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ሰብስበው ሙሽራዋ ፀደይ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ አትመለስ በሚለው ሊፈርዱ መሆኑን ስለሰማሁ ነው። የወንድሟን ገመና አደባባይ አወጣች እንዳይሉኝ፣ ገመናውን ያወጣው የእርስዎ ድንኳን ነው። ደብዳቤውንም ባልና ሚስቱ አንብበው «ጨምሪበት» ብለውኛል።

አንደኛ፣ በሠርጉ ዕለት ስላደረጉልን ሸጋ ጥበቃ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሙሽሮቹ ወደ ጫጉላቸው ሲገቡ ሚዜዎቹን በር ላይ አቁመው፣ ከበሮውን መስኮት ሥር አስቀምጠው፣ ለራስዎም ወንበር አስመጥተው «የምሥራቹን ሳልሰማ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አሉ። ይበልጣል ለሠርጉ ሲሯሯጥ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ «ወንድ ያደርግሃል» እያላችሁም ቀኑን ሙሉ አረቄ ስታስጎነጩት ውላችኋል። በእንዲህ ያለ አጀብ ፊት እንኳን ባልነት ማስነጠስም ያቅታል። ነጋ፣ የምሥራቹ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። እርስዎም «የምሥራቹ ሳይሰማ የእድሩ ድንኳን አይነቀልም፤ ደንብ ነው» ብለው ፈረዱ። ይህን ደንብ ከእርስዎ ሌላ ያየ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።

ድንኳናችን መቼም ለሠርግም ለለቅሶም የሚተከል ያው አንዱ ነው። ዘፈኑ ካበቃ በኋላ ቆሞ ከቀረ ደግሞ አላፊ አግዳሚው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። እማማ ወለተሩፋኤል ከገበያ ሲመለሱ አዩትና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ምነው! ምነው ሳትነግሩኝ!» እያሉ ገቡ። እናቴም እውነቱን ከመናገር ማልቀሱ ቀለላትና አብራቸው አለቀሰች። ጎረቤቱ ድምፅ ሰምቶ ተከተለ፤ ንፍሮ ይዞ የመጣም ነበር። እማማ ወለተሩፋኤል ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ የተቀመጠውን ሙሽራ እጁን ያዙና፣ ማን እንደሞተበት እንኳ ሳይጠይቁ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ይኸም ያልፋል፤ ራስህን አታስጨንቅ» አሉት። ከሠርጉ ወዲህ ወንድሜ ከትልቅ ሰው አፍ የሰማው የሚረባ ምክር ይኸው ብቻ ነው፤ እሱም በስሕተት።

ሁለተኛ፣ ስለ ሕክምና ችሎታዎ። ልጁን አንዲት ቃል ሳይጠይቁት «ታስሯል፤ የሰው እጅ አለበት» አሉ። እጁ የማን ነው ሲባሉ የፀደይን አክስት እናኑን ጠቆሙ፤ ሴትየዋ ሠርጉ ላይ ያደረጉት ነገር ቢኖር የእርስዎን ጭፈራ አይተው መሳቃቸው ነው። ቀጥለው ፀደይን «እግሯ ደረቅ ነው» አሉ። ወሬው እርስዎን ቀድሞ ጸጉር ቤት ደረሰና ይበልጣል ጸጉሩን ሊቆረጥ ሲገባ «እህ፣ እንዴት ነው ነገሩ?» ይሉት ጀመር። በተማሪዎቹ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው መሬት መሬት እያየ መሄድ ለመደ። አንድ ቀን ጠዋት ፀደይን «ሌላ አግቢ፤ እኔ ለሰው አልሆንም» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ዕለት መሳቅ አቃተኝ። እኔን ደግሞ ያውቁኛል፣ በእርስዎ ንግግር ላይ እንኳ መሳቅ አቅቶኝ አያውቅም።

እግሯ ደረቅ ነው የተባለችው ሙሽራ ግን እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ስኳሩንም የደም ግፊቱንም መርምሮ «አካልህ ጤነኛ ነው፤ የያዘህ ፍርሃት ነው። በአንተ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች ወደ እኔ ይመጣሉ፣ እያንዳንዱም በዓለም ላይ የደረሰበት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነው የሚመጣው» አለው። አረቄው እንዲቀር፣ በደንብ እንዲተኙ፣ ማንም ውጤት ሳይጠብቅባቸው ተጫውተው እንዲያመሹ መከራቸው። መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ በር ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ምን ሊሠሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ ጨዋ ነውና ስምዎን አልተናገረም።

ሦስተኛ፣ የእድራችን አባል አያ ምንዳዬ ሲያርፉ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፤ የእድሩ ድንኳን እኛ ግቢ ሆኖ የወንድሜን ጉልበት ይጠብቅ ነበርና። ነፍሳቸውን ይማር፤ የእርስዎን ግን እንጃ።

እንግዲህ እሑድ ሽማግሌዎችዎን አስከትለው ሲመጡ የሚፈርዱበት ሰው ስለማያገኙ ከወዲሁ ልንገርዎ ብዬ ነው። ይበልጣልና ፀደይ ዛሬ ጠዋት እሱ ወደሚያስተምርበት ወደ አምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ ሄደዋል። የተከራዩት ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ደጇ ጠባብ ስለሆነ ወንበር አያስቀምጥም። አውቶቡሱ ሲነሣ ይበልጣል ቀና ብሎ እጁን አውለበለበልን፤ ፀደይ ትከሻው ላይ ተደግፋ ነበር።

የምሥራቹን ካልሰማሁ ብለው አልነበር? ይኸው የምሥራች፦ አብረው ሄዱ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ሁለቱ ያውቁታል። ቃልዎ ቃል ነውና አሁን ድንኳንዎን ይንቀሉልን።

ለሰው ትዳር ዘብ ሲጠብቁ ላደሩት እግሮችዎ ዕረፍትን፣ ለጆሮዎችዎ የራስዎን ቤት ወሬ ብቻ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ምላሳሟ ሶሊያና

ማስታወሻ፦ ወንድሜ በማር እንዲበላው ከማክሰኝት ገበያ ያስመጡለትን የመድኃኒት ዱቄት እሱ አልነካውም። የእርስዎ ድካም ከንቱ እንዳይቀር ብዬ ለአውራ ዶሯችን በተንኩለት። ከዚያ ወዲህ መጮኹንም ትቷል፣ ከቆጡም አይወርድም። ሴቶቹ ዶሮዎች ግን እስካሁን ሽማግሌ አልሰበሰቡበትም።