ያነሳ ያውርድ

ሰቆጣ፣ የካቲት ፯ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለክርስትና እናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፣
ደሴ

ጤናህ እንዴት ሰነበተ? የደሴ ብርድ አጥንት ይገባል ሲሉ እሰማለሁ፤ እናትህ የፈተሉልህን ጋቢ ደርበህ እንደምትተኛ ተስፋ አለኝ። እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደኅና ናቸው። ላማችሁ ወልዳለች፣ ወይፈን ነው። እናቴም ሰላም ትልሃለች፤ እንዲያው ሰላምታዋን ከልቧ አድርገህ እንዳትወስደው። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነኝ» ይላል። እኔ ከንዴት በቀር ደኅና ነኝ። ናፍቆቱን ለጊዜው ተወው።

አውርደኝ። ልጽፍልህ የፈለግሁት ይህችን አንዲት ቃል ነበር፤ ግን ምን ሆና ነው እንዳትል ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አንተ እዚያ ጨለማ ክፍልህ ውስጥ ፎቶ ልታጥብ እጅህን መድኃኒት ውስጥ ስትነክር እዚህ የሆነውን ከየት ታውቀዋለህ?

ኅዳር ላይ ሙሄ ነጋዴው ከደሴ ተመለሰ። ከበቅሎዎቹ ላይ አቡጀዲውን ሳያራግፍ በቀጥታ እኛ ቤት መጣ። እናቴን የምሥራች አላት። ልጅዎ ደሴ ላይ ፎቶግራፍ ቤት መስታወት ውስጥ ቆማለች፣ የከተማው ሰው ሁሉ እየቆመ ያያታል ብሎ ከደረት ኪሱ ፖስትካርድ አወጣ። ምስኪን፣ ደስ ያሰኘን መስሎት ነው። የሀገሩን ልጅ በሰው ሀገር አይቶ ደረቱ ተነፍቷል። በስሙኒ እንደገዛትም ነገረን። ሰማህ ወንድሜ? በስሙኒ!

እናቴ ካርዷን አየቻት። ገለበጠቻት። እንደገና አየቻት። ከዚያ በኽምጥኛ ጀመረች፤ አማርኛው ለንዴቷ ሲያንሳት ወደ ኽምጥኛ እንደምትገባ ታውቃለህ። ሙሄ የሰማውን ሰምቶ በቅሎዎቹን ሊያራግፍ ወጣ።

ጀርባዋ ላይ ያስጻፍከውን እኔ ነኝ ያነበብኩላት። «የወሎ ኮረዳ በጨዋታ ላይ» ይላል። ስሜን እንኳ አልጻፍክም። ስላልጻፍክ ላመስግንህ ወይስ ልቆጣ ገና አልወሰንኩም።

ፎቶግራፉን ያነሳኸው አንተ ነህ፤ ግን የሰቆጣ ሰው እንዳየው አላየኸውምና ልንገርህ። የሻደይ ዕለት፣ የእናንተ ግቢ ነው። ከኋላ የድንጋይ ካቡ ይታያል። ልጃገረዶቹ እያጨበጨቡ ናቸው፤ የከበሮ መቺዋ እጅ ከፍ እንዳለ ቀርቷል። እኔ መሐል ነኝ፤ እግሮቼ ግን መሬት ላይ የሉም። ጥላዬ ታች፣ እኔ ላይ፤ በእኔና በጥላዬ መካከል ውሻ ሊያልፍ ይችላል። ወገቤ ላይ ያሰርኩት የሻደይ ሣር እንደ ጃንጥላ ተከፍቷል፣ ቀሚሴም ተከትሎት ሄዷል። ከአልቦዬ እስከ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ለደሴ ሕዝብ ተሰጥቷል።

ዘለልኩ? አዎ ዘለልኩ። ሻደይ ነው፤ ያልዘለለች ማን አለች? እናቴ ዘላለች፣ እናትህም ዘለዋል፣ የእነሱም ቀሚስ ተነስቷል። ግን ተመልሶ ወርዷል! ሰው ዓይኑን ሳያርገበግብ ወርዷል። በዚያ ግቢ የነበረው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም፤ ጉልበቴን ያየ አንድም ሰው የለም። እግዚአብሔር የሰውን ዓይን ቀርፋፋ አድርጎ የፈጠረው ለእኛ አዝኖ ነው። አንተ ዓይን የሳተውን ለቅመህ፣ አጥበህ፣ አሳድገህ በመስታወት ሰቀልከው።

እኔ እኮ ያኔውኑ ወርጃለሁ። ውሃ ጠጥቻለሁ፣ እስኪመሽ ጨፍሬያለሁ፣ ሻደዬን ፈትቼ ተኝቻለሁ። አንተ ዘንድ ያለችው እኔ ግን ይኸው ከነሐሴ ጀምሮ እንደተንጠለጠለች ናት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔ ጉድ መስከረም ከጠባም በኋላ ተሰማ። ገበያ ስወጣ ሽንኩርት ሻጭዋ «አንቺ ልጅ፣ እስካሁን አልወረድሽም?» ትለኛለች። ወንዝ ስወርድ እንስራዬን የሚያሸክሙኝ ሴቶች «ቀስ፣ ይቺ ልጅ ትበራለች» እያሉ ይሳሳቃሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የፎቶግራፍ ወለምታስ በምን ይታሻል? አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ንገረኝ።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው።

ገብረ ጻድቅን ታውቀዋለህ፤ የቄስ አሥራተ ማርያም ልጅ፣ ዲያቆኑ። ለጥር በተክሊል ልንጋባ ቀን ተቆርጦ ነበር። እናትህ ጽፈውልህ «እንኳን ደስ አላት» ብለህ መልሰሃል፤ ወረቀቱን አሳይተውኛል፣ ሌላ ቃል አልነበረበትም። ዲያቆን የሚያገባው አንዴ ነው፤ የሚስቱ ስም ካደፈ ክህነቱም አብሮ ያድፋል። ከሙሄ ካርድ በኋላ ሌላም ካርድ፣ ሌላም ከየት እንደሆነ ሳናውቅ መጣ። በታኅሣሥ ቄስ አሥራተ ማርያም ሽማግሌ አስከትለው፣ ልጃቸውንም ይዘው ቤታችን ገቡ።

ካርዷን በፊቷ ደፍተው መደቡ ላይ አስቀመጧት። ጉልበቷ በገበያ የሚሸጥ ሙሽራ ካህን ቤት አትገባም፣ ቃላችን ይፍረስ አሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። እዚያው መቆየት ነበረብኝ፤ አልቆየሁም። ወጥቼ «አባ፣ እርስዎም ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ጉልበቴን አይተዋል?» አልኳቸው። «አላየሁም» አሉ። «ታዲያ ዓይንዎ ያላየውን ነው የሚፈርዱብኝ?» አልኳቸው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ እንዲህ ያለ አፍ ያላት ሙሽራም አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

ገብረ ጻድቅ እስከዚያ ድረስ አቀርቅሮ ነበር። እጁን ሰዶ ካርዷን አነሳትና ወደ ደጁ ብርሃን ዞር አደረጋት። ብዙ አየ። ጉልበቴን አይደለም ያየው፤ ጉልበቴን በአውራ ጣቱ ሸፍኖት ነበር። ይህን እኔ ብቻ ነኝ ያስተዋልኩት። የሚያየው ፊቴን ነበር። ከዚያ በዝግታ «እዚህ ላይ ማንን አይታ ነው የምትስቀው?» አለ።

ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው አልኩ።

«ጥላሽ ከፊትሽ ነው የወደቀው። ፀሐይዋ ከኋላሽ ናት» አለ። ሳይቆጣ ነው ያለው። ምነው በተቆጣ!

ስለ ጉልበቴ ስንት መልስ ነበረኝ። ለዚህ ግን ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ቄሱም ካርዷን ከልጃቸው ተቀብለው እንደ አዲስ ያዩ ጀመር፤ ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን አስረዘሙ። ያኔ እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ በአማርኛ፣ ያውም ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ማንን ታያለች? ወንድሟን ነዋ! ፎቶ ያነሳት ወንድሟ ነው፤ የወለተ ሰንበት ልጅ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳቻት ወለተ ሰንበት አይደለችም? እኅት ወንድሟን አይታ ብትስቅ የምን ነውር ነው?» አለች።

ሁሉም እፎይ አሉ። ወንድሟ ነው ለካ! ቄሱ ፈገግ አሉ። ይገርምሃል፣ ጉልበቱ እንኳ በአንዴ ቀለለ፤ ወንድም ያነሳው ጉልበት እንደ ሌላው ጉልበት አይደለም መሰለኝ። ስግደት ታዘዘልኝ፤ ሠርጉም የሰው አፍ እስኪበርድ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይሁን ተባለ። እናቴ ካርዷን ተቀብላ ምድጃው ውስጥ ጨመረቻት። ወንድሟ ነው ስትልም፣ ካርዷን ስታቃጥልም፣ አንዴም ዓይኔን አላየችኝም። ከዚያ ወዲህም ስላንተ አንስታ አታውቅም።

ሰው ተፈረደልሽ ብሎ እልል ሲል እኔ በንዴት እንቅልፍ አጣሁ። ዋሽታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልዋሸችም። ወንድሜ ነህ፤ ይህን ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለች፣ ሀገር ያውቀዋል፣ የማዕተቤ ክር ያውቀዋል። እናትህ ክርስትና አነሱኝ፤ አንተ ፎቶ አነሳኸኝ። እሳቸው አንስተው መልሰው ለእናቴ እቅፍ ሰጡኝ። አንተ አንስተህ እዚያው ተውከኝ። ያነሳ ያውርድ አይባልም?

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለፍልሰታ መጥተህ የፎቶ መሣሪያህን ስታሳየኝ ያልከኝን አልረሳሁም። አንዲቱን ሰኮንድ ሺህ ቦታ ቆርጦ አንዷን ብቻ ይወስዳል አልከኝ። ከደሴም እናትህ ከእንስራ ውሃ ሲገለብጡ ያነሳኸውን ላክህልኝ፤ ውሃው እንደ ዶቃ ተበታትኖ ቆሞ ነበር። ደስ ብሎኝ ለሰፈሩ ሁሉ አሳይቻለሁ፤ ሞኝ፣ ተራው የእኔ እንደሚሆን መች አወቅሁ። አውራ ዶሮውንም ከካቡ ላይ ሲዘል አነሳኸው። እንዴት አየኸው ስልህ፣ «አላየሁትም። ካየሁት አልፏል። ከመሆኑ በፊት ነው ቁልፉን የምጫነው» አልክ። ከመሆኑ በፊት በምን ታውቃለህ አልኩህ። ዶሮው ሊዘል ሲል አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ ሁሉም ነገር ምልክት አለው፣ ብዙ ያየ ሰው ምልክቱን ያውቃል አልክ። ለዚያ አንድ ዶሮ ስንት ቀን ካቡ ሥር ተቀምጠህ እንደሰነበትክ እናትህ እያሙህ ይስቁ ነበር።

እኔስ? እኔ ልዘል ስል ምልክቴ ምንድን ነው? እኔ ራሴ የማላውቀውን፣ እናቴ የማታውቀውን፣ አንተ መቼ ተቀምጠህ አየኸው? በዚያ ግቢ ስንት ልጃገረድ ነበረች፣ ሁሏም ትዘል ነበር፤ ያ መሣሪያህ ወደ ሌላ መዞር ያቃተው አንገቱ ደርቆ ነው? መልሱን አትጻፍልኝ። እናቴ ደብዳቤ ሲመጣ ለማንም ሰጥታ ታስነብባለች። እኔም ያን ያህል ከፍ ብዬ የዘለልኩት ለምን እንደሆነ አልጽፍልህም። ከበሮው ፈጥኖ ነው። ከበሮው ፈጥኖ ነው ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ፤ ላንተም ያው ነው።

እንግዲህ ይህን አድርግ። ከመስታወቱ አውርደኝ። በቦታዬ ሙሽራ ስቀል፣ ባለሥልጣን ስቀል፣ ዶሮህን ስቀል። የቀሩትን ካርዶች አቃጥል፣ ኔጋቲቩንም አቃጥል። ለማስታወሻ አንዲት ላስቀር እንዳትል። እኔ አላስቀረሁም።

ያስጻፈኝ ግን ዋናው ይህ አይደለም። ገብረ ጻድቅ ደግ ሰው ነው፤ ይኼም ያናድደኛል። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ፊት ምን አለኝ መሰለህ? ያን ዕለት በጥርጣሬ ስለጠየቀኝ ይቅርታ ለመነኝ። ከዚያ፣ ወንድምሽ እንዲህ ያለ ባለሙያ ከሆነ ሠርጋችንን እሱ ያንሳልን፣ ያቺን ፎቶግራፍ እሳት በላት፣ ያን ሳቅሽን ግን በሠርጋችን ዕለት ደግሞ ያንሳልኝ አለ። እናቴ የያዘችውን ዋንጫ አስቀምጣ ጓዳ ገባች። እናትህ ግን በደስታ ሰከሩ፤ ከእኔ ደብዳቤ ቀጥሎ የእሳቸው ይደርስሃል።

እሺ እንዳትል። ታመምኩ በል፣ መሣሪያው ተሰበረ በል፣ አሠሪዬ አልፈቀደም በል። መምጣትህ ግድ ከሆነ ባዶ እጅህን ና፤ ከሰው ኋላ ቁም። የሰው ዓይን አያስፈራኝም። ለሰው ዓይን ፊቴን ቀኑን ሙሉ ይዤ መዋል እችላለሁ፤ አክሊሉን ደፍቼ፣ አቀርቅሬ፣ ሙሽራ የምትመስለውን ሁሉ መስዬ እውላለሁ። ለምጄዋለሁም። ከሺህ አንዷን ቅጽበት ግን ማን ይጠብቃታል? አንተ ደግሞ ምልክቴን ታውቃለህ።

ይህን ሙሄ ነው የሚያደርስልህ፤ እስከ ኮረም በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ። አሽጌዋለሁ። እሱን አትቆጣው፤ ከሁላችንም ንጹሑ እሱ ነው።

ዓይንህን ይጠብቅልህ። እጅህን ከዚያ መድኃኒት ይሰውርልህ። ጥሩ ሚስት፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ይስጥህ። ደብዳቤ ሲያልቅ «በሰላም ያገናኘን» ይባላል። እኔ በሰላም ያኑርህ ብዬ አበቃሁ።

እናቴ እንዳለችው፣
እኅትህ