ያልተሰማህ ሻይ

ሰማይ፣

ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። የጌሙን መጫወቻ እጀታ አትፈልገው፣ ይዤው ሄጃለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ለጌሙ ውድድር ብለህ ከሥራ በፊት በአውራ ጣትህ ያንኑ አንድ ምት ስትደጋግም አይቻለሁ። እንደ ድሮው ዘለህ አትገባም። ትከላከላለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ተጋጣሚህ ሲስት ትመታዋለህ። አሁን እኔንም ታሸንፈኛለህ።

ግን ትናንት የፈላ ሻይ አውራ ጣትህ ላይ ሲፈስ እጅህን አልሰበሰብክም።
"አላቃጠለህም?" ስልህ፣
"ምኑ?" አልከኝ።

በዚያ እጅ ፋብሪካው ውስጥ ካርቶን መቁረጫው ማሽን ላይ አትቆምም። ለመናሄሉ፣ ለአለቃህ፣ ንገረው ብልህ "ውድድሩ ይለፍ" አልክ። እኔ ነገርኩት። ወይ ይምጣ ወይ ሰው ይተካ አለኝ። ስለዚህ የዛሬውን ሚሽመረትህን፣ የሥራ ፈረቃህን፣ እኔ እገባለሁ። ከማሸጊያው ክፍል ወጥቼ አላውቅም፣ መቁረጫውን ግን ለምጄዋለሁ ብዬ ዋሽቼዋለሁ።

ጓደኞችህ ፊት ደጋግሜ ረትቼህ ባልስቅብህ ኖሮ እንዲህ እልህ ባልያዘህ ነበር። አውቃለሁ።

ኩፓት ሆሊም ሐኪም ጣትህን እንዲያየው ለከሰዓት ቶር ይዤልሃለሁ፤ እንዳትቀር። ማሽኑ ጋ ስልክ አያስገቡም፣ ባላነሳ አትደንግጥ።

ሲመሽ ካልተመለስኩ ግን ለእናቴ ሳትነግራት መጀመሪያ አንተ ፋብሪካው ድረስ ና።

ማንአለብሽ