ጥቁር ክር የታሰረባት ጤና አዳም

ሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1959

ዛሬም አራት ሰው መለስኩ። ሁለቱ ከጅጋ በእግራቸው የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ለብሰው፣ ተቀብተው፣ ልጃቸውን ታቅፈው። «ፎቶ አንሺው አርፏል» ስላቸው ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ሚስቱ ግን ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ፊልም አጥባለሁ፣ ፎቶ አትማለሁ፣ ጠርዙን እቆርጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፍኖተ ሰላም ሰው ፊት ከመድኃኒቱ ውኃ ውስጥ ብቅ ሲል የማየው እኔ ነኝ። ካሜራውን ግን ተጭኜው አላውቅም። እሱ የአያሌው ነበር።

አያሌው፣ ባሌ፣ ካረፈ ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ደክሞኛል። ማልቀሱም ደክሞኛል።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሙ ጌታሁን ከቡሬ መልእክት ላከ። (በሰው ፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታው ይቅርብኝ።) እሑድ አንድ ፎቶ አንሺ ይዞ ይመጣል። ካሜራውን ይወስዱታል፣ ፎቶ ቤቱ ይዘጋል። ለቅሶው ላይ «ጋሼ፣ እኔ ልሥራበት» ብዬው ነበር። መልሱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ «አያሌውን እንኳ ስንቱ እያመለጠው፣ አንቺ ምን ልትይዢ ነው?»

ያመለጠው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ደብተር የጀመረው እሱ ነው፤ እኔ የምጽፈው በተረፈው ገጽ ላይ ነው። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ጓሮ ተጋድሞ ያነሳቸውን ሁሉ መዝግቧል።

የጎመን ቅማል።
ሸረሪት ከነእንቁላሏ።
ንብ፣ ዱባ አበባ ውስጥ።
ጥንዚዛ። ጥንዚዛ። አሁንም ጥንዚዛ።
«ቢራቢሮዋ ከጤና አዳሙ ላይ ስትወጣ። አመለጠችኝ። ሁለተኛ ጊዜ።»

ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ጓሮ ወጥቼ አየሁ። ጤና አዳሙ ላይ አንዲት ጥቅል ተንጠልጥላለች። ከሁለት ሳምንት በፊት አረንጓዴ ትል ነበረች፤ ሲነኳት ከአንገቷ ቀይ ቀንድ እያወጣች የምትሸት። አሁን ራሷን በቀጭን ክር ከግንዱ ጋር አስራ ዝም ብላለች። ካሜራውን ከሣጥኑ አወጣሁት። ቁጥሩ ሠላሳ ላይ ቆሟል፤ ስድስት ይቀረዋል። ሌላ ፊልም ቤት ውስጥ የለም።

ይህችን ከእሑድ በፊት ከያዝኳት ጌታሁን ምን ይላል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

ቀለበቶቹን ገጠምኩ። ሌንሱን ከካሜራው አርቀው ትንሹን ነገር ትልቅ የሚያደርጉት እነዚህ ሦስት ቀለበቶች ናቸው። አያሌው ሲገጥማቸው አይ ነበር፤ ማየትና መግጠም ግን ለየቅል ነው። ሁለት ጊዜ አጣመምኳቸው።

ሌንሱን ማዞር አይረዳም። ራስን ነው ወደፊትና ወደኋላ ማድረግ። የስንዴ ቅንጣት ያህል ሲጠጉ ጥፍት፣ የስንዴ ቅንጣት ያህል ሲርቁ ጥፍት። ትንፋሽም መያዝ አለበት። ሳልጫን ስለማመድ ዋልኩ። ጉንዳን፤ ሄደች። ዝንብ፤ ሄደች። ቀንድ አውጣ፤ እሷም ሄደች።

ጎረቤቴ ትርንጎ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። «እትዬ ይታይሽ፣ ምን ጠፋብዎ? ላፈላልግልዎ?»
«ምንም አልጠፋብኝም።»
«ታዲያ በሆድዎ ተኝተው?»
ሳቋን እየዋጠች ገባች። ድሮ አያሌውን «ሰውዬው ደህና አይደለም» ስትል ሰምቻት ነበር፤ አሁን ተራው የኔ ነው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት አንዲት ጥንዚዛ ጎመን ላይ ዝም አለችልኝ። ተጫንኩ። ትውጣ አትውጣ አላውቅም፤ ግን ተጭኛለሁ። አምስት ቀረ። ጉልበቴን አሞኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

መምሬ ይባቤ መጡ፣ የነፍስ አባታችን። እሑድ ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ቁጭ እንዳሉ ወደ ነገሩ ገቡ። «ልጄ፣ ጌታሁን ክፉ ሰው አይደለም። ግን እሷ ትችላለች ብዬ ብናገር፣ አሳዩኝ ይለኛል። ምኑን አሳየዋለሁ?»

ጓሮ ወስጄ ጥቅሏን አሳየኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። «ይህች እኮ ተገንዛለች!»
«ትነሣለች መምሬ። ዓርብ ወይ ቅዳሜ። ስትነሣ አነሳታለሁ።»
«ምነው ሰው ብታነሺ? እኔ እቆምልሽ የለም ወይ?»
«ሰውማ ቁም ሲሉት ይቆማል፤ ማንም ያነሳዋል ይሉኛል። አያሌውን ያመለጠችው ይህች ናት። እንዳመለጠችው ለጋሼም ነግሯቸዋል።»
«እልኸኛ ነሽ» አሉ። መስደባቸው ይሁን ማመስገናቸው አልገባኝም።

ሊሄዱ ሲሉ ቤቱን ጸበል ረጩልኝ፤ ጓሮውንም እንዳይቀርበት ብለው ረጩት። ጤና አዳሙ ላይም ነጠብጣብ አረፈበት።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ጤና አዳም አይከለከልም። ልጁን ሆዱን ያመመው ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ ቀንጥሶ ይሄዳል፤ እኔም የሌላውን እንዲሁ እቀነጥሳለሁ። ስለዚህ ለማተብ ከገዛሁት ጥቁር ክር ቆርጬ ጥቅሏ ያለችበትን ዘለላ አሰርኩበት። ምልክት ያየ ሰው አይነካትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ከንጋት ጀምሮ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅኳት። ምንም። ጥቅሏ ትንሽ ጠቆር ብላለች፤ ወይም ዓይኔ ነው።

ሁለት ደንበኛ መጣ። መለስኳቸው። አንዱ «ታዲያ በሩን ለምን ትከፍቺዋለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከቀትር በኋላ ተቀምጬ ሳንቀላፋ ዶሮ ጮኸች፤ ደንግጬ ተጫንኩ። ምኑን እንዳነሳሁ እግዜር ይወቅ። አራት ቀረ። አለቀስኩ። ለአንድ ፎቶ የሚለቀስ ከሆነ ነገሩ ፎቶው አይደለም።

በአያሌው ተናደድኩ። ሞቶም ተናደድኩበት። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር እኔን ያነሳኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በሠርጋችን ማግስት። ከዚያ ወዲያ ትል፣ ንብ፣ ጥንዚዛ። የጥንዚዛን እግር ፀጉር ቆጥሮ ሲያበቃ የኔን ቀሚስ ቀለም ቢጠይቁት አይነግራቸውም ነበር። አሁን እኔ ደግሞ እሱን ያመለጠውን ልይዝ መሬት ለመሬት እድሃለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት ጥቅሏን ሳያት ቅርፊቷ ስስ ሆኖ ከውስጥ ክንፉ ይታያል፤ ጥቁርና ቢጫው ታጥፎ። ነገ ናት! ካሜራውን ወለወልኩ። አጠገቡ ያለውን የጌሾ ቅርንጫፍ ገለል አደረግኩ፣ ብርሃን እንዳይጋርድ።

ከዚያ ድካሙ ጣለኝ። ሁለት ሌሊት ዓይኔ አልተከደነም። ለአፍታ ጋደም ልበል ብዬ ገባሁ። ስነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ጓሮ ወጣሁ፤ ዘለላው የለም።

ክሩም የለም፣ ጥቅሏም የለም። በጥፍር ተቀንጥሷል። ሌላው ጤና አዳም ሁሉ እንዳለ ነው! ይህን ሁሉ ትቶ ያችን አንዲቷን!

ትርንጎ ቤት ሮጥኩ። በሯ ዝግ ነው። ትንሿ ልጇ ብርቄ ሁለት ቀን ሆዷን ቁርጠት ይዟት ጸበል ወስዳታለች አሉኝ። የወሰደችው እሷ ትሁን ሌላ ሰው አላውቅም። እሷም ብትሆን ምን ልላት ነው? ታማሚ ልጅ ያላትን ሴት፣ ጤና አዳም ለምን ቀነጠስሽ ይባላል?

አበቃ። ጌታሁን ይምጣና ይውሰደው። እኔም ልረፍበት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12፣ ሚካኤል

ትናንት አበቃ ብዬ ነበር፤ አላበቃም።

ጠዋት ከሚካኤል ስመለስ ትርንጎ ደጃፏ ላይ ቆማ አገኘኋት። ስታየኝ እጄን ሳመች። «እትዬ ይታይሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ልጄን አዳኑልኝ።»
«እኔ ምን አድርጌ?»
«መምሬ የባረኩት ጤና አዳም ነዋ! ጸበል ሲረጩት አይቻለሁ፤ ማተብም ታስሮበታል። ቤት የነበረኝን አሽቼ ሆዷን ቀባሁላት፣ ያንን ግን መባረኩን አይቼ ራስጌዋ ላይ ሰካሁላት። ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰዳት።»

ለምልክት ያሰርኩት ክር! እንዳይነኩብኝ ብዬ ያሰርኩት ክር ነው ያስመረጣት። ልስቅ ይሁን ልጮኽ ሳላውቅ ቆምኩ። ያኔ ብርቄ ከውስጥ ተጣራች። «እማዬ፣ ክታቡ ተቀደደ!»

ገባሁ። ግድግዳው ላይ የተሰካው ዘለላ ላይ ጥቅሏ በጀርባዋ ተሰንጥቃለች። ራስ ብቅ ብሏል።

እንዴት እንደ ሮጥኩ አላስታውስም። ነጠላዬ አጥሩ ላይ ቀርቷል። ካሜራውን ይዤ ስመለስ ግማሹ ወጥቷል። ቤቱ ግን ጨለማ ነው፤ በቀለበቱ ጭራሽ ምንም አይታይም። «ወደ ብርሃን አውጪልኝ!» አልኳት። ትርንጎ ልጅቷን አቅፋ፣ ልጅቷ ዘለላውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀመጡ።

«ብርቄ፣ አትተንፍሺ» አልኳት። ጉንጯን ነፍታ ትንፋሿን ያዘች። እኔም ያዝኩ።

አንዱን ተጫንኩ። ክንፉ እርጥብ ነው፣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ የተጨማደደ። ሁለት። ልጅቷ አስነጠሳት። ሦስት። አራተኛውን ስጫን ሁለቱም ክንፎች ወደታች ተዘርግተው ነበር።

አለቀ። ፊልሙ ከዚህ ወዲያ አልሄድ አለ።

ሚካኤል ይቅር ይበለኝ፣ ከቀትር በኋላ መስኮቱን በጋቢ ጋርጄ ፊልሙን አጠብኩ። በበዓል ቀን ውኃ እንኳ ቀድቼ አላውቅም። ሳወጣው መጀመሪያ እኔ ያነሳሁትን አየሁ። የኔ ጥንዚዛ የለችም፤ ጎመን ብቻ። ዶሮዋ ስትጮህ ያነሳሁት የራሴ ጫማ ነው። ከብርቄ ጋር ካነሳኋቸው የመጀመሪያው ድፍን ያለ፣ ሁለተኛው የትርንጎ ክንድ። ሦስተኛው፤ ሦስተኛው ወጥቷል! ቢራቢሮዋ ከቅርፊቱ ስትወጣ፣ እግሯ የብርቄን አውራ ጣት ቆንጥጦ፣ ጣቷ ላይ ያለው ቆሻሻ ሳይቀር ይታያል። አራተኛውም ደህና ነው።

ከዚያ የአያሌውን ማየት ጀመርኩ። ጥንዚዛ፣ ንብ፣ ጥንዚዛ። ሃያ ስምንተኛው ላይ ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ሃያ ዘጠኝም ያው። ሠላሳኛውን አትሜ አየሁት።

ጣቴ ነው። ፎቶ ለማድረቅ ገመድ ላይ ስሰቅል፣ በቀለበቱ ተጠግቶ ያነሳው የኔ ጣት። በመድኃኒቱ የጠቆረው ጥፍሬ፣ የተሰነጠቀው ቆዳዬ፣ ሁሉም። ትዝ አለኝ፤ ሐምሌ ላይ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «እዚህ ትል የለም፣ ወደ ጥንዚዛህ ሂድ» ብዬው ነበር። ዝም ብሎ ሳቀ። ደብተሩ ላይ አልጻፈውም።

እንባዬ መድኃኒቱ ውስጥ እስኪንጠባጠብ አለቀስኩ። ይቅር በለኝ አያሌው። አይቶኝ ኖሯል።

እሑድ፣ ጥቅምት 13

መጡ። ጌታሁን አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ የቡሬው ፎቶ አንሺ ቦርሳውን አንግቶ፣ መምሬ መሐላቸው ተቀምጠው። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ አጠገቡ ሦስቱን ፎቶዎች።

የቡሬው ሰው የቢራቢሮዋን ፎቶ ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። «ማን ነው ያነሳው?» አለ። መምሬ በመቋሚያቸው ወደኔ ጠቆሙ። «ጋሼ ጌታሁን» አለ ሰውዬው፣ «እኔ ይህን ማንሳት አልችልም። ልዋሽዎት አልፈልግም።» ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ እግዜር ይስጠው።

ጌታሁን ግን እሱን አልሰማውም። የጣቴን ፎቶ ይዞ ነበር። «ይህን ወንድሜ ነው ያነሳው?»
«አዎ ጋሼ። ሐምሌ ላይ፤ የመጨረሻዋ ናት።»
የኔን እጅ አየ፣ ፎቶውን አየ። ኮሌታውን አላላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድም መሆኑ ታየኝ።

ስለ ካሜራው ማንም አልተናገረም። መምሬም ሊሉ ያዘጋጁትን ሳይሉት ቀሩ። ትርንጎ ብርቄን አዝላ ብቅ አለች፤ ልጅቷ ገንፎ በልታለች፣ የፎቶዋን ነገር ትጠይቃለች። «ቢራቢሮዋስ?» አልኳት። «ሄደች» አለችኝ፣ ጥፋቱ የኔ ይመስል።

ሊሄዱ ሲነሱ ጌታሁን በሩ ላይ ዞር አለ። ኮቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር፣ አንድ ጊዜ አንሺኝ።»

«ጋሼ፣ ፊልም የለም።»
«የለም?»
«አንድም። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው።»

ለአፍታ ቅር ያለው መሰለኝ። «ሲመጣ ላኪብኝ» አለና ወጣ።

ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነው። ለዓመቱ ተዝካር ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል፤ እሱን አላውቅም። ቀለበቶቹን ፈትቼ በጨርቅ ጠቀለልኩ። በሩን ዘጋሁት። ነገ አንድ ሰው ቢመጣ «ፊልም ሲመጣ ይምጡ» እለዋለሁ እንጂ ፎቶ አንሺው አርፏል አልለውም።