ቁም እስኪ ልይህ ላልሽኝ

ለምወድሽና ዘወትር ለምትናፍቂኝ እናቴ ለወይዘሮ የምሥራች መሸሻ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ደም ግፊትሽ እንዴት ነው? መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ትውጫለሽ ወይስ ሻል ሲልሽ ትተዪዋለሽ? ጉልበትሽስ የባኬ ጃማን ዳገት ይችላል? ናዝራዊት በየሳምንቱ ከኡኬ እየመጣች ታይሻለች? ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ ደህና ነኝ ስልሽ እውነቴን ነው፤ ከጥር ወዲህ ስልሽ የከረምኩት ግን ውሸት ነበር። ናዝሬ እህቴ፣ እዚህ ላይ ንባቡን ገታ አድርጊና እማዬን አስቀምጫት፤ ከዚያ ቀጥዪ።

እማዬ፣ እግሬ ተሰብሮ ነበር፤ አሁን ድኗል። ሁለቱን አንድ ላይ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። በስልክ ቢሆን የመጀመሪያውን ሰምተሽ ሁለተኛው ሳይደርስሽ ጎረቤቱን በጩኸት ትሰበስቢው ነበር። ደብዳቤውን ያመጣልሽን ጆቴን፣ አብሮኝ ዓሣ ፋብሪካ የሚሠራውን የአርጆ ልጅ፣ ተነቦ ሳያልቅ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ አስምዬዋለሁ። አሁን ፊትሽ ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ከሆነ አትቆጪው።

ነገሩ የሆነው በጥምቀት ማግስት ነው። ከሥራ ስወጣ ደጁ በረዶ ሆኗል። የነቀምቴ ጭቃ ያልጣለኝ ሰው ይሄ ምን ያደርገኛል ብዬ ዘና ብዬ ስራመድ ቀኝ እግሬ ከዳኝ፤ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ተሰበረ። ሐኪሞቹ በብረት አያያዙት፤ እንደ ድሮህ ቆመህ መሥራትህን ግን ከወዲሁ ልንነግርህ አንችልም አሉኝ። የእኔ ሥራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው። ፈራሁ እማዬ። በየሳምንቱ በቪዲዮ ቁም እስኪ ልይህ፣ ከስተህ እንደሆነ ልየው ስትዪኝ ቻርጀሩ አጭር ነው እያልኩ ተቀምጬ ያዋራሁሽ ለዚህ ነው።

ከሕመሙ ይልቅ የጎዳኝ ሰው ማጣቱ ነው። ጎረቤታችን ነመራ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ የተሰበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጠያቂው ቤታቸውን ሞልቶ እኛ ልጆቹ በረንዳ ላይ ነበር የምንቀመጠው። እናቱ አዮ ብፅዓት አካም ጅርታ፣ እንደምን ናችሁ ለሚላት ሁሉ እየመለሰች ከጓሮ የቆፈረችውን አንጮቴ ትቀቅላለች፣ አንቺ ቅቤ ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ አጥንት የሚጠግነው እሱ ነው እያላችሁ ታጎርሱታላችሁ። ጠገብኩ ብሎ ሲያኮርፍ ቀንቼበት ነበር። እኔ እዚህ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በሬን ያንኳኳ አልነበረም። ክፋት ኖሯቸው አይመስልሽ፤ በእነሱ ዘንድ ጨዋነት ማለት የታመመን ሰው አለመረበሽ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን በክራንች እየተጎተትኩ ሱቅ ብሄድ አንጮቴ ተደርድሮ አየሁ! ክብ ነው፣ ቆዳው ሻካራ፣ አፈሩ ያልለቀቀው። ሦስት በጀርባ ቦርሳዬ ይዤ ተመለስኩ። ጾሙ ገና አልገባም ነበርና የላክሽልኝን ቅቤ አውጥቼ፣ እንደ ደንቡ ከነልጣጩ ጣድኩት። ሽታው ሌላ ሆነብኝ፤ የውጭው እንዲህ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለካ ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊቴ የሚኖረው አርነ የሚባለው ሽማግሌ ነው፣ የሚቃጠል ነገር ያለ መስሎት። ድስቱን ከፍቶ አየና ይሄ እኮ ተልጦ ሾርባ ውስጥ የሚገባ ሥር ነው፣ ከነአፈሩ ቀቅል ማን አለህ አለኝ። እግሬን አሳይቼ ለአጥንት ነው አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ከወደቅሁ ወዲህ የመጀመሪያዬን ሳቅሁ። አብረን ቀመስነው። አንጮቴም አይደል፤ ሳሙና ሳሙና ይላል እማዬ፣ ቅቤሽ ባይኖር አይዋጥም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አርነ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣ ጀመር። ብዙ አያወራም። ጋዜጣውን ይዞ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ሲወጣ ቆሻሻዬን ይዞልኝ ይወርዳል። ምን ልርዳህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የናፈቀኝም እንዲህ ያለው ነበር፤ ሳይጠሩት መጥቶ የሚቀመጥ ሰው። ስለዚህ ብቻውን ነበር እያልሽ አታልቅሺ።

ባለፈው ማክሰኞ ሐኪሙ አጥንትህ ገጥሟል፣ ወደ ሥራህ መመለስ ትችላለህ አለኝ። አውቶቡሱን ትቼ እስከ ቤቴ በእግሬ መጣሁ፤ መንገዱን ሙሉ ተመስገን ስል ነበር። ስሸኝ መናኸሪያው ላይ ምንም እንዳልደብቅሽ አስምለሽኝ ነበር፣ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ይቅር በይኝ።

የአባባ መሸሻን ጉልበት ሳሚልኝ። ናዝሬ፣ ስላነበብሽላት እግዜር ይስጥልኝ፤ አንቺም አታልቅሺ። ነመራን በዚያ ጊዜ መቅናቴን አሁን ይወቅልኝ። ለአዮ ብፅዓት ሰላምታዬን አቅርቢና በጆቴ አንጮቴ ትላክልኝ፤ ለአርነ እውነተኛውን ሳላቀምሰው አይሆንም።

ይህ ከተነበበልሽ በኋላ በሚመጣው እሁድ፣ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፌ እስከ በሩ ሄጄ እመለሳለሁ፤ አየት አድርጊው፣ ምንም አላነክስም። ቻርጀሩም ይደርሳል። ቁም እስኪ ልይህ በይኝ እማዬ።

ልጅሽ ሕሩይ
በርገን፣ ኖርዌይ
ግንቦት ፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.