ለሞተሩ የሰጠነው ውሃ

አራባዬ፣

ወደ ታማሌ ከተማ ለሥራ ፈተና እየከነፍኩ ሳለ መንገድ ላይ ኪንታምፖ ስንደርስ የሚኒባሳችን የውሃ ፓምፕ ማፍሰስ ጀመረ። ተሳፋሪው ሁሉ የሚጠጣውን በላስቲክ የታሸገ ውሃ ለራዲያተሩ ለገሰ፤ ያው የኛ የኬፕ ኮስት ሰው እንደሚያደርገው። ሾፌራችን አልሃሰን ወደ እኔ እየጠቆመ "እየሞላን እንደርሳለን፤ እህቴ ፈተና አለባት" አለ።

ዓሣ ነጋዴዋ እማማ አፍሪዬ ግን "አንተ ልጅ፣ ይሄ ሞተር አልጠማውም፣ ታሟል! ነዶብህ ቤተሰብህን ጦም ልታሳድር ነው?" አሉት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "ፓምፑ ይቀየር" አልኩ፤ ፈተናው እንደሚያመልጠኝ እያወቅኩ። አየሽ፣ ውሃውን መስጠት ለሁላችንም ቀላል ነበር፤ የከበደን መቆሙ ነው።

ይኸው አዲሱ ተገጥሞ ሞተሩ ተነሳ፤ ከሥሩ ጠብታ የለም። እናትሽንና ወንድምሽን ኤኮውን ሳሚልኝ፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። የፈተናው ሰዓት አልፎብኛል፤ ነገ ግን የቀጣሪዎቹን ደጅ አንኳኳለሁና ጸልዪልኝ።

ያንቺዋ ማንሳ